ጎማውን ፍቱልኝ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ እዚሁ አዋሳ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት የምጠብቅበት፣ ቤት መቀመጥ ያንገሸገሸኝ፣ ከሰው ጋር የምጣላበት ሰበብ የምፈልግበት ክረምት ነበር። ሰው ያየው ክፉ ነገር ሲቆይ ይደበዝዛል ይላሉ። የእኔ አልደበዘዘም። እንዲያውም እየቆየ ሲሄድ እየጎላ መጣ። ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ብርቄ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ እታለም እላታለሁ፤ እሷ ምላሴን ስለምታውቅ ሚጥሚጣ ትለኛለች። ከማግባቷ በፊት ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ትሠራ ነበር። ዋናው ሥራዋ የጎማ ጓንት ማጠብ ነው። ጓንት እዚያ አንዴ ተለብሶ አይጣልም። ይታጠባል፣ ቀዳዳ እንዳለው ለማየት በአፍ ይነፋል፣ የተቀደደው ይጣፋል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበትና በጨርቅ ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይቀቀላል።

ምሳዋን ላደርስ ስሄድ ገመዱ ላይ የተሰቀሉት እጆች ነፋስ ሲመታቸው ይወዛወዛሉ።

«ሰላም እያሉሽ ነው፤ መልሺላቸው እንጂ!» ትለኛለች ብርቄ።

እኔ አልወዳቸውም ነበር።

የእሷ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ የቀላና የተሰነጣጠቀ ነው። ስታስነጥስ ትውላለች። ጓንት ነፍታ ስትመለስ ከንፈሯ ንብ የነደፈው ይመስላል። ሳሙናው ነው አልን። ዱቄቱ ነው አልን። እናታችን ደግሞ «ዓይን ነው፤ ልጄን የሚያይብኝ አለ» አለች። ማናችንም አንዱን ነገር ከሌላው ጋር አላገናኘነውም።

ከዚያ አገባችና ሥራውን ተወች። ባሏ ወታደር ነው። ጎጇቸው ሳይሞቅ ወደ ሰሜን ዘመተ። ብርቄ አርግዛ ወደ እኛ ቤት ተመለሰች።

ሆዷ ገፋ ሲል ፊቷ ገረጣ፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ እየመታ ያስቸግራት ጀመር። እናቴ ለደም ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻት። እኔ የቀበሌ ወጣቶች ስብሰባ ነበረብኝ፤ ከዚያ ደግሞ መቅረት የለም። ስመለስ ብርቄን አልጋ ላይ አገኘኋት። ዓይኗ በእብጠት ተጨፍኗል። ድምፅዋ ጎርንኗል። አንገቷ ድረስ ሽፍ ብሎባታል።

«ምን አደረጓት?» አልኩ።

«መርፌ ነዋ!» አለች እናቴ። «ልጄ መርፌ አይስማማትም። ነገርኳቸው፤ ማን ሰማኝ? በቁሟ ሊገድሏት ነበር። ሁለተኛ መርፌ አይነካትም!»

እናቴ ያደገችው ጎጃም ነው። እዚያ መርፌ ከነካቸው የሚገድሉ ሕመሞች አሉ ይባላል፤ ምች የመታው ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት ይባላል። ይህን ከልጅነቷ ስትሰማ የኖረች እናት፣ ልጇ ዓይኗ እያየ ስታብጥ ሌላ ምን ታስብ? ጤና ጣቢያውም የራሱ መልስ ነበረው። ደሟን መቅዳት ጀምራ ያቋረጠችው ነርስ ሲስተር ዘነበች «ፈርታ ነው እማማ። መርፌ ስታይ ደነገጠች» ብላ ነበር የመለሰቻቸው።

ስለዚህ በቤታችን ሁለት ወሬ ነበር። ለእናቴ መርፌው ነው፤ ለሐኪሟ ፍርሃቱ ነው። ብርቄን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋት።

አንድ ቀን ጠዋት፣ መውለጃዋ ሳይደርስ፣ ብርቄ ደም አየች። ብዙ አይደለም፤ ግን የሚያቆም አልሆነም። እናቴ ጠበል ልታመጣ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። እኔ ደግሞ በሌላው በር ወጥቼ ጋሪ አቆምኩና ብርቄን ደግፌ ጫንኳት።

«ንዳው! ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት ባለጋሪውን።

«ጓዲት፣ ፈረሱ ስድብ አይገባውም፤ ቀስ በይ» አለኝ።

ብርቄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ተወው፣ ፈረሱን እንኳ አትጣይው።»

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሲስተር ዘነበች ብርቄን መረመረቻትና ወደ ጎን ጠራችኝ። «ሆስፒታል መሄድ አለባት። ምናልባት በኦፕሬሽን ትወልዳለች፤ ምናልባት ደም ያስፈልጋታል። የደሟን ነገር ሳናውቅ ዝም ብለን ብንልካት መንገድ ላይ ብትደማ ምን ይደረጋል? አሁኑኑ ልቅዳ።»

እናቴ ጠርሙሷን እንደያዘች በዚያው ሰዓት ደረሰች። የነገራት ጎረቤት ይሆናል። በሩ ላይ ቆማ «አይደረግም!» አለች።

«እማዬ፣ ደም እየፈሰሳት ነው።»

«ስለዚህ ያለውንም ይቅዱላት?»

ሲስተር ዘነበች ክርክሩን ትታ ጓንቷን አጠለቀች። ስለ ኤድስ በየስብሰባው መወራት ስለተጀመረ ለደም መቅጃም ጓንት ይለበሳል። ጓንቱን ስባ ስትለቀው ጧ አለና ነጭ ዱቄቱ እንደ ጭስ ተነሳ። ብርቄ አስነጠሰች።

«ብርቄ፣ ዛሬም እንዳትወድቂብኝ» አለቻት ሲስተር።

«ይህን ጓንት እኔ አላውቀውም? ትንሿ ጣት ላይ የጣፍኩት እኔ ነኝ። አያያዜን አየሽ? እስከ ዛሬ አለ!»

ሲስተርም ሳቀች። እየተሳሳቁ ቀዩን የጎማ ማሰሪያ ከክርኗ በላይ አሰረችላት። መርፌው ገና ተቀቅሎ ሳህኑ ላይ ተቀምጧል፤ ከተቀመጠችበት ወንበር እጅ ተዘርግቶ አይደርስበትም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

መጀመሪያ ብርቄ ክንዷን አከከች። ከዚያ ሳል ያዛት። ሳሉ ሳቁን ቆረጠው። ከጎማው ዙሪያ ቀይ ቀለበት እንደ ገመድ ተነሳ፤ ከቀለበቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻዋ፣ ወደ አንገቷ እብጠቱ ሲሄድ በዓይን ይታያል። መተንፈሻዋ ፉጨት ጀመረ።

«አትፍሪ! ብርቄ፣ አትፍሪ፣ ተንፍሺ!» አለች ሲስተር ዘነበች።

«አልፈራችም!» ብዬ ጮኽኩ። «አሁን እየሳቀች አልነበረም እንዴ? መርፌውም ገና አልነካትም! እዩት፣ ሳህኑ ላይ ነው!»

ሲስተር ወደ ሳህኑ ዞራ አየች። እናቴም አየች። ሦስታችንም መርፌውን አየነው። እኔ አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ያበጠው ጎማው ያለበት ቦታ ስለሆነ ብቻ ቋጠሮውን ይዤ ጎተትኩት። ሲስተር በዚያች ቅጽበት የብርቄን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ ቀና ልታደርጋት ሞከረች። እጇን ስታነሳ በእህቴ ፊት ላይ አምስት አምስት ጣት ቀርቷል። በጥፊ የተመታች ይመስል፣ ቀይና ያበጠ። ገመድ ላይ እንደሚወዛወዙት፣ የማን እጅ እንደሆነ የማይታወቅ እጅ።

«ጓንቱን አውልቂ!» አልኳት። እርስዎ የምላትን ሴት አንቺ ብዬ ጮኽኩባት። እሷም እንደ ልጅ ታዘዘችኝ። ጓንቱን አውልቃ መሬት ወረወረችው፣ እጇን ውኃ ውስጥ ነከረች፣ ከቁም ሳጥኑ አንድ ብልቃጥ አውጥታ አንገቱን ሰበረች። መድኃኒቱን በመርፌ ስትስብ እናቴ አየቻት።

«እኔ ቆሜ? እኔ በሕይወት ቆሜ?» ብላ እናቴ በብርቄ ላይ ተደፋችባት።

ብርቄ ከሥር ሆና ከንፈሯ እየጠቆረ ነው። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ። እኔ እናቴን ከኋላዋ ወገቧን ይዤ አነሳኋት። በሕይወቴ እናቴን በኃይል ነክቻት አላውቅም። በሁለት ክንዴ ጠምጥሜ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኳት።

«ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ!» አለችኝ። «እህትሽን ገደልሻት! ጡቴ ይፋረድሽ!»

ሲስተር ዘነበች ጭኗ ላይ ወጋቻት።

ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከዚያ ፉጨት በቀር ድምፅ የለም። አንዳንዴ ደግሞ እሱም ይቀራል። ሲቀር እናቴ በክንዴ ውስጥ ትጠነክራለች፤ ሲመለስ ትላላለች። ፉጨቱ ቀስ በቀስ እየወፈረ፣ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ትንፋሽ ሆነ። ብርቄ ዓይኗን ገለጠችና፣

«ሚጥሚጣ፣ እማዬን ልቀቂያት፤ አጥንቷን ትሰብሪያታለሽ» አለች።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። ቆይታ ተነስታ ጠበሉን መጀመሪያ በብርቄ፣ ቀጥሎ በሲስተር ዘነበች፣ በመጨረሻ በመርፌው ላይ ረጨችው። እኔን ዘለለችኝ።

ደሟን የቀዳነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሲስተር ዘነበች ዱቄት የነካውን ጋዋኗን ለወጠች፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ብርቄን ጓንት ገብቶበት ወደማያውቅ የመዝገብ ክፍል አዛወረቻት። በጎማው ፋንታ የቁስል ፋሻ በእጅጌዋ ላይ አሰረችላት። የመስታወት ስሪንጅ ነው፤ ምንም ጎማ የለበትም። በባዶ እጇ ነበር የቀዳችው።

«በጨርቅ ከሆነማ ጀግና ነኝ» አለች ብርቄ ክንዷን እየዘረጋች።

መርፌው ገባ። ደሙ መጣ። ምንም አልሆነችም። እናቴ ከጎኗ ቆማ መርፌው ሲገባም ሲወጣም ዓይኗን አልነቀለችም።

ሲስተር ዘነበች እስከ ሆስፒታል አብራን ሄደች፤ በር ላይ ቆማ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ «ጎማ እንዳይነካት!» ስትል ዋለች። ሐኪሙ ሰምቶ አለርጂ ነው አለ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው እንዳለ ሁሉ ጎማ የማይስማማውም አለ ሲል ገባን። ብርቄ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ይህ ታሪክ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አልጽፈውም ነበር።

ያን ዕለት ወደ ሆስፒታል የሚወስደንን መኪና ስንጠብቅ ሲስተር ዘነበች ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አለች። «አምና። አየለች ትባላለች። ተማሪ ናት፤ ከእናቷ ጋር ከቱላ ነው የመጣችው። ትኩሳት ነበራት። ክንዷን ሳስራት ታክከው ጀመር። ተፈራገጠች። ትልቅ ልጅ አይደለሽም ወይ፣ አትፍሪ ብዬ ጮኽኩባት። እንዳይላላ አጥብቄ አሰርኩት።»

«እዚያው ወንበር ላይ ሞተች?» አልኳት።

«እዚያው። ለእናቷ ድንጋጤ ነው አልኳት። ልቧ በፍርሃት ቆመ አልኳት። ያኔ እንደዚያ ነበር ያመንኩት።»

«እንግዲያው አሁን ሂጂና እውነቱን ንገሪያት።»

«ምን ብዬ?»

«ልጅሽ ፈሪ አልነበረችም ብለሽ ነዋ!»

አልሄደችም። ሌላ ሌላውን ግን አደረገች። የጓንት ማስጫውን ገመድ ሕመምተኛ ከሚቀመጥበት ደጃፍ አንስታ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ደም ለመቅዳት በተቀመጠ ሰው ፊት ከምንም በፊት «ጎማ ነክቶህ አሳክኮህ ያውቃል? ፊኛ ስትነፊ ከንፈርሽ ያብጣል?» ማለት ጀመረች። አዎ ያለ ሰው በፋሻ ይታሰራል፤ የጓንት ዱቄት ባልተነሰነሰበት ክፍል ይቀዳል። ሰው ይስቅባት ነበር፤ እሷ ግን አንድም ሰው አላለፈችም። ትንሽ ቆይታ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረች።

እኔም እረሳው ነበር ይሆናል። ግን አንድ ቀን የብርቄን ልጅ ለክትባት ይዘን ሄደን ተራ ስንጠብቅ፣ ከፊታችን ያለች ሴት የምታለቅስ ልጇን «ዝም በይ! እንደ ቱላዋ ልጅ በመርፌ ፍርሃት ልትሞቺብኝ ነው?» ብላ ስትቆጣት ሰማሁ። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። የሞተችው ልጅ መሳቂያ ሆናለች። የፈሪ ምሳሌ ሆናለች። ደሜ ፈላ። ብርቄን ሳልነግር በማግስቱ ቱላ ገበያ ወረድኩ።

እናትየዋን ለማግኘት አልተቸገርኩም። «በመርፌ የሞተችው ልጅ እናት» ስል ሁሉም ያውቃታል። ቆጮ ነው የምትሸጠው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ከገዢዎቿ ጋር በሲዳምኛ ታወራለች፤ እኔን ስታይ ወደ አማርኛ ዞረች።

«ስንት ላድርግልሽ ልጄ?»

«ልገዛ አልመጣሁም እማማ። ስለ አየለች ነው።»

እጇ እዚያው ቆጮው ላይ ቀረ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ልጅዎ ፈሪ አልነበረችም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «የእኔ ልጅ ጅብ አትፈራም። ከብቱን ብቻዋን ነበር የምታስገባው። እኔ አውቃለሁ። ሰው ግን ሐኪም ያለውን ያምናል።»

ሁሉንም ነገርኳት። የእህቴን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ጓንቱን፣ ዱቄቱን፣ ሳህኑ ላይ የነበረውን መርፌ፣ ጎማውን ጎትቼ እንደፈታሁት፣ እንደተረፈች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሸክም አወርድላታለሁ ብዬ ነበር፤ እንደ ምሥራች ነበር የማወራው።

ስጨርስ አንድ ሰው ዋጋ ጠየቃት፤ አልመለሰችለትም።

«ጎማው ነው?» አለች።

«አዎ፤ ጎማው ነው።»

«ተናግራ ነበር» አለች። «ጎማውን ፍቱልኝ አለች። ለሐኪሟ በአማርኛ አለቻት። ለእኔ በእኛ ቋንቋ አለችኝ። በሌላው እጇ ልትፈታው ሞከረች። እኔ እጇን ያዝኩ። ሐኪም ያውቃል፣ ዝም በይ አልኳት። እንዳትፈታው በሁለት እጄ ያዝኳት።»

እጆቿን አሳየችኝ። እንዴት እንደያዘቻት አሳየችኝ።

ለማንም፣ ለምንም አፌ ተይዞ አያውቅም። ያኔ ተያዘ።

«ልጄ» አለች። «ብለቃት ኖሮ፣ ብትፈታው ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ነው የጠየቀችኝ።

«አትተርፍም ነበር እማማ» አልኳት። «የእሷ ከእህቴ የባሰ ነው። ምንም ቢደረግ አትተርፍም ነበር።»

ይህን አላውቅም። ማንም አያውቀውም። ግን ዓይኗን እያየሁ፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብዬ ተናገርኩት።

«እሺ» አለች። ራሷን ነቀነቀች። «እሺ ልጄ። እህትሽን ሰላም በያት።» ከዚያ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያዥ አለችኝ። እንቢ ብል አልሰማችኝም።

ጋሪው ላይ ተቀምጬ ወደ ፒያሳ ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ጎማውን ፈትቼ እህቴን አተረፍኳት ብዬ የነገርኳት እኔው ነኝ። ከዚያ ዞር ብዬ ቢፈታም አትተርፍም አልኳት። ሁለቱን ንግግር የለየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሞኝ ሴት አይደለችም። እሺ ያለችኝ አምናኝ ሳይሆን ለእኔ ብላ ነው።

አሁን የአየለችን ስም በፈሪ ምሳሌ ሲያነሳ የሰማሁትን ሰው ሁሉ አስቆመዋለሁ፤ ከብዙዎች ጋር ተጣልቻለሁ። ይህ አይቆጨኝም። ቱላ ገበያ አሁንም እሄዳለሁ። ከሩቅ ስታየኝ ትነሳለች፤ ስለ እህቴ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ልጇ ትጠይቀኛለች፣ መሮጥ ጀመረች ወይ ትለኛለች። ያንን ጥያቄ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም። እየተጨዋወትን በመሃል ዝም ባለች ቁጥር አሁን ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ቶሎ ሌላ ወሬ አነሳለሁ።